በመስታወት ያየኋት ጨረቃ

አባቴ በቀን ሁለት ጊዜ ይጠይቀኝ ነበር። ጠዋት ገና ዓይኑን ሲገልጥ፣ ወደ ማታ ደግሞ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሲለቀቅ። ፋብሪካው ከቤታችን ሦስት መንገድ ወዲያ ስለሆነ ደወሉ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ደወሉ እንደተደወለ አባዬ አንገቱን ወደ በሩ ያዞርና፣

«እናትህ አልገባችም?» ይለኛል።

እናቴ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ፋብሪካ የደንብ ልብስ ሰፍታለች። ደወሉ ከተደወለ ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩ ላይ ትቆምና ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ክር እያራገፈች «ባለ ክሯ መጣች፣ በር ክፈቱ» ትል ነበር። በሩ ግን ክፍት ነው። አባዬ ይህን ሁሉ ያስታውሳል። የማያስታውሰው መሞቷን ብቻ ነው።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ሞታለች» እለዋለሁ።

ሌላ አባባል ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። አንድ ቀን «አርፋለች» አልኩት፤ «ታዲያ ቀስቅሳት፣ እራት ሳትበላ ልትተኛ ነው እንዴ?» አለኝ። ሌላ ቀን እህቴ በመከረችኝ መሠረት «ሥራ አምሽታለች» ብዬ ዋሸሁት። ኮቱን ለበሰና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እራት አልበላም፣ ጫማዬን አላወልቅም፤ በዚህ ጨለማ ብቻዋን ትምጣ?» አለ። ከዚያ ወዲህ አልዋሸሁትም። ሞታለች እለዋለሁ፤ ፊቴን ለትንሽ ጊዜ አይቶ ያምነኛል፤ ከዚያ ያለቅሳል። ሁልጊዜም እንደ አዲስ ነው። ትከሻው ይርገበገባል፣ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይይዛል። ሲበቃው ሻይ ይጠይቀኛል።

ሰው በዕድሜው አንዴ ወይ ሁለቴ መርዶ ይናገር ይሆናል። እኔ በቀን ሁለቴ ነው። መቶ እስኪሞላ ቆጥሬ ተውኩት። ሲጀመር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን አባዬ የመስኮት መስታወት ውፍረት እንደጠየቀኝ ደንበኛ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር። አራት ሚሊ ነው፣ አምስት ሚሊ ነው፣ ሞታለች።

እኔ አንድም ቀን አላለቀስኩም። ቀብሯ ላይ አካፋው እጀታው ተሰብሮ በሽቦ መታሰሩን አይቻለሁ። ሽቦው ስንት ዙር እንደተጠመጠመ አሁንም አስታውሳለሁ። ስድስት ነው።

ሥራዬ መስታወት መቁረጥ ነው። ትምህርቴን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ሲል ነው የገባሁት። ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ በአንድ በኩል የመስኮት መስታወት፣ በሌላ በኩል የመልክ ማያ መስታወት በእንጨት መደርደሪያ ቆሟል። ስለዚህ የትም ብትቆም ራስህን ታያለህ። እኔ ራሴን ማየት ትቻለሁ። ከእኔ ሌላ ባለቤቱ አለ፤ ጋሼ እንለዋለን። ፍሬም የሚሠራውም አለ፤ አፉ ከእጁ የሚፈጥን ሰው ነው። «ደመናው» የሚለውን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው፤ ቆሜ ስለማልም።

«ደመናው! ወርደህ ዝነብ እንጂ፣ ደንበኛ ቆሟል!» ይላል።

ሱቃችን የሱቅ በር መስታወት ላይ ጽሑፍም ይጽፋል። ቀለሙ ዝናብ እንዳያጥበው ከውስጥ በኩል ነው የሚጻፈው፤ ከውጭ ሲነበብ እንዲቃና ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠህ ትጽፋለህ። ይህን ሥራ ለእኔ ነው የሚሰጡኝ። «ክፍት ነው» የሚለውን ገልብጬ ስጽፍ ማስመሪያ አያስፈልገኝም። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ኋላ የሠራሁት ስህተት የማን ስህተት እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ መስኮቷም አንድ ብቻ። መስኮቱ የሚያየው ደግሞ የመጋዘን ግድግዳ ነው፤ ክንድህን ሁለት ጊዜ ብትዘረጋ ትነካዋለህ። አባዬ አልጋ መዋል ሲጀምር፣ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ እያየ እንዳይውል ብዬ ከሱቅ ጥጉ የተሰበረ ትልቅ መስታወት አመጣሁ። ወንበር ላይ ቆሜ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ወደ ሰማይ አዘንብዬ በሽቦ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ከአልጋው ሆኖ ከጣሪያችን በላይ ያለውን ሰማይ ያያል። ወፍ ሲያልፍ «መጣ፣ ሄደ» ይላል። ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ሰው ነው፤ ሁሉ ነገር ለእሱ ወይ መጪ ወይ ሂያጅ ነው።

መጽሐፉን ያገኘሁት መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ሰውዬ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በወፍራም ፊደል «ለጀማሪዎች» ይላል፤ ውስጡ የድግምት መጽሐፍ ነው፤ በጨረቃ አካሄድ ስለሚሠራ ድግምት።

«ይሄ ምን ያደርግልሃል? ሴት ልታሳብድበት ነው?» አለኝ ሰውዬው።

«አይ፣ ጨረቃ እወዳለሁ።»

«ያው አንዷን ልታሳብድ ነዋ» ብሎ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ።

አመንኩበት አልልም። አላመንኩበትም አልልም። በዚያን ጊዜ ማመንና አለማመን ከእኔ ራቅ ብለው እንደሚጨቃጨቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መጽሐፉ ግን ቋንቋው ቀላል ነበር፤ ማንንም አያስፈራራም። የሚያድግ ነገር የሚፈልግ ጨረቃ ስታድግ ይጀምር። የሚሄድለት ነገር የሚፈልግ ጨረቃ ስታንስ ይጀምር። ጨረቃ በማትታይበት ቀን ጀማሪ አርፎ ይቀመጥ። ብርሃኗ በቀኝ በኩል ከሆነ እያደገች ነው፣ በግራ በኩል ከሆነ እያነሰች ነው። ጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ይለምን። ለሰባት ቀን፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጨረቃ በምትታይበት ቦታ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አስቀምጦ፣ የፈለገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰባት ጊዜ ይበል፤ መጨረሻው ላይ «እንዳንቺ ይሁን» ብሎ ይጨርስ። ውሃውን የተፈለገለት ሰው ይታጠብበት። ገጹ ግርጌ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ ስህተት መሥራቱን ያወቀ ጀማሪ ውሃውን ይድፋና ያቁም፤ ማንም አይቀየመውም።

ያቺን የመጨረሻዋን መስመር አንብቤያት ነበር። በደንብ ነው ያነበብኳት።

የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። አባዬ እማዬን በደንብ ያስታውሳት፤ እስከ መጨረሻዋ፣ እስከ ሆስፒታሉ፣ እስከ አካፋው። ያስታውስና አይጠይቀኝ። እኔ ዳግመኛ ያንን ቃል እንዳልናገር። ዓረፍተ ነገሩን በወረቀት ጽፌ ብዙ ሰርዤ ብዙ ደልዤ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ጨረቃ ሆይ፣ አባቴ ስለ እናቴ ያለው ትዝታ እንዳንቺ ይሁን።»

ለጀማሪ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ነቃሁ። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። በመስኮቱ ስመለከት ጨረቃ መስታወቱ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ግማሽ ልትሞላ ጥቂት የቀራት፣ እንደተቆረጠ ክብ መስታወት። ብርሃኗ በቀኝ በኩል ነው። በጣቴ ሳይቀር አረጋገጥኩ፣ ቀኝ እጄ ወዳለበት በኩል። እያደገች ነው አልኩ። ሳህኑን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩና ዓረፍተ ነገሩን ሰባት ጊዜ አልኩ። አባዬ ሲነቃ በውሃው ፊቱን አጠብኩት።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ። ከዚያ «እናትህ አልገባችም?»

«ሞታለች አባዬ።»

አለቀሰ። ሻይ ጠየቀ።

ሁለተኛው ቀንም እንደዚያው ነበር። ጨረቃ ትንሽ ዝቅ ስላለችብኝ ወንበር ላይ ወጥቼ የመስታወቱን ሽቦ ትንሽ አላላሁት። ይህም አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ደመና ነበር፤ መስታወቱ ከሲሚንቶው አይለይም። መጽሐፉ ደመና ችግር የለውም ስለሚል ቃሉን አልኩ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት አባዬ ጥያቄውን ጀምሮ መሃል ላይ አቆመ። «እናትህ...» አለና የብርድ ልብሱን ጫፍ ማጠፍ ያዘ። እኔም አልጨረስኩለትም።

አራተኛው ቀን ማታ ደወሉ ተደወለ። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላውን አቁሜ ጠበቅኩ። አባዬ አንገቱን አላዞረም። መስታወቱን እያየ ነበር። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ የፋብሪካው ሴቶች እየተሳሳቁ በበራችን በኩል አለፉ፤ እሱ ምንም አላለም። ድንቹን ላጥኩ፣ ቀቀልኩ፣ በላን። ጨው አነሰው አለኝ። ጨመርኩለት።

እንቅልፌን ለጥ ብዬ ተኛሁ። ከስምንት ወር ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

አምስተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ። ስነቃ እስካሁን ሙሉ ለመሆን ተቃርባለች ብዬ ነበር። መስታወቱ ላይ ግን መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ኋላ ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ አገኘኋት። እንደተቆረጠ ጥፍር ቀጥናለች።

በሩን ከፍቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ከጣሪያችን በላይ ቀና ብዬ እሷኑ ራሷን አየኋት። ብርሃኗ በግራ በኩል ነበር። ዞሬ መስታወቱን አየሁ፤ በቀኝ። እንደገና ቀና አልኩ፤ በግራ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በዋዜማው የአንድ ፀጉር አስተካካይ በር ላይ ገልብጬ ስጽፍ ነው የዋልኩት። ከዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ማንም ቢሳሳት እኔ መሳሳት አልነበረብኝም። ይገርመኛል፣ ማፈር ያለብኝ እዚያ ላይ ነበር፤ ያሰብኩት ግን ስለ እግሬ ነው። መሬቱ ቀዝቅዞ ነበር።

ገባሁ። ሳህኑ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ውሃውን ይድፋና ያቁም። ማንም አይቀየመውም። አባዬ ተኝቷል፤ ፊቱ ለስላሳ ነው፤ ዓይኑ ሥር ያለው እብጠት ጎድሏል። የሆነው ገብቶኛል። ትዝታው እያደገ አይደለም። ዝም ያለው መሞቷን አውቆ አይደለም፤ እሷን ነው እየረሳ ያለው። አሁን ብደፋው ምናልባት የቀረው ይቀርለታል። ምናልባት ዛሬ ማታ ደወሉ ሲደወል አንገቱን ያዞራል፤ እኔም እነግረዋለሁ፤ እሱም ያለቅሳል።

ቃሉን ሰባት ጊዜ አልኩ። ማወቄን ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን አውቄ ነው ያልኩት። ከዚያ ሥራ ሄድኩ።

«ኧረ ዛሬ ደመናው ገለጥ ብሏል! እንቅልፍ አገኘህ ወይስ ሚስት?» አለ ፍሬም ሠሪው።

«እንቅልፍ» አልኩት።

«ይሻላል፣ አይናገርም።»

ቆየት ብዬ ጠየቅኩት። «ጠዋት የምትታይ ጨረቃ ታድጋለች ወይስ ታንሳለች?»

ሚስማሩን ከከንፈሩ አወጣ። «የጠዋት ጨረቃ ማለት አምሽታ ስትገባ ጎህ የቀደደባት ሰካራም ናት። እሷ ደግሞ ከየት አምጥታ ታድጋለች?»

«ጨረቃ አትቆረጥም» አለ ጋሼ ከውስጥ። «የሚቆረጠው እዚህ ነው ያለው፤ በሉ ሥራ።»

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነበር ማለት ነው። ቆረጥኩ። መስታወት ስትቆርጥ መስመሩን ካሰመርክ በኋላ መሃል ላይ ማቆም የለም፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርገህ ጫን ትላለህ፤ ቀጭ ይልና ይለያያል። ካመነታህ ይሰነጠቃል። ቀኑን ሙሉ አንድም አልሰበርኩም።

ስድስተኛው ቀን መስታወቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሽቦውን ብጎትት ባላላ ምንም የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጨረቃ ግን የለችም። ባዶውን መስታወት እያየሁ «እንዳንቺ ይሁን» አልኩ፤ ሰባት ጊዜ። ጨረቃ በማትታይበት ቀን ጀማሪ አርፎ ይቀመጥ ይል ነበር። ሰባተኛውም ቀን እንደዚያው።

ሰባተኛው ቀን የዕረፍት ቀን ስለነበር እህቴ መጣች። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ከተማው ዳር ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ በየሳምንቱ የአባዬን ልብስ ልታጥብ ትመጣለች። እንደገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እጅጌዋን መሰብሰብ ትጀምራለች።

«እንዴት ነው? ይጠይቃል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ትቷል።»

«ምን ማለት ነው ትቷል?»

«ሦስት ቀን ሆነው። ደወሉ ሲደወልም ዝም ነው።»

«ተመስገን!» አለች። «እሰይ! የጤና ጣቢያዋ ነርስም ብላኝ ነበር፣ አንድ ቀን ይለቀዋል ብላኝ ነበር። አንተም ፊትህ ደህና ሆኗል፤ የሞተ አይጥ መስለህ አልነበር?»

ልብሱን አጠበች፣ አሰጣች። ስትጨርስ አልጋው ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ፎቶ አወጣች። እማዬ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ቆማ ትስቃለች፤ ትከሻዋ ላይ ነጭ ክር አለ። ባለፈው ሳምንት አባዬ ጠይቋት ኖሮ፣ አሳትማ አምጥታለታለች።

«ይኸው አባ፣ ያልኩህን አመጣሁልህ።»

አባዬ ፎቶውን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ ያዘው፣ ደብዳቤ ላይ አድራሻ እንደሚያነብ። ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። መልሶ ገለበጠው።

«ደስ የምትል ሴት ናት» አለ። «የማን ናት?»

እትዬ ሳቀች፣ እየቀለደ መስሏት። «የማን ትሁን? ያንተ ናት እንጂ!»

«የኔ?» አለ በትህትና፣ እንግዳ ሰው ያላግባብ ያመሰገነው ይመስል። «አይ እንግዲህ። ተሳስተሽ ይሆናል።» ፎቶውን መለሰላት። «ልብሷ ላይ ክር አለ፤ ንገሪያት።»

እህቴ ተነስታ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። በመጋዘኑና በቤታችን መሃል ባለችው ቀጭን መተላለፊያ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። አፏን በእርጥብ እጇ አፍናለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ከተሰጣው ሸሚዝ የሚንጠባጠበውን ውሃ አያለሁ።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው? ባለፈው ሳምንት እኮ ስለ ሠርጋቸው ነግሮኛል! ጫማው እንደጠበበው፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ አብራው በባዶ እግሯ እንደሄደች! እኔ እንኳ የማላውቀውን!»

«ነርሷ ትዝታው መሄዱ አይቀርም ብላ የለ» አልኩ።

«በሳምንት?» ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሳህኑ እዚያው ነበር። «ይሄ ውሃ ምንድን ነው?»

«ፊቱን ማጠቢያ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ታላቅ እህት ስለሆነች ውሸቴን ታውቀዋለች፤ ግን ምኑ ላይ እንደዋሸሁ ልታውቅ አትችልም።

«አንተ ግን ድንጋይ ነህ» አለች። «ቀብሯም ላይ አይቼሃለሁ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንተ አካፋ ታያለህ። ቢያንስ እሱ ነበረ። እዚህ መጥቼ ‘እናትሽ አልገባችም?’ ሲለኝ፣ የሆነ ቦታ ሄዳ የምትገባ ይመስለኝ ነበር። አሁን እማዬን ከማን ጋር ላወራት ነው? ካንተ ጋር?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ግን «ሸሚዙ ሊወድቅ ነው» የሚል ነው። እሷም ሸሚዙን አስተካከለች። ስትሄድ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች።

ያን ሳምንት ደወሉ በየቀኑ ተደወለ። አባዬ በልቶ ይተኛል፣ አያለቅስም፣ ወፎቹን ያያል። የጠየቅኩት ሁሉ ሆኖልኛል፤ «ሞታለች» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አልናገረውም። ነገር ግን ደወሉ ሲደወል አንገቴ ብቻውን ይዞር ጀመር። የምሠራውን ትቼ በሩን አያለሁ። ሩብ ሰዓት እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ድንቹ አረረብኝ። አባዬ «የሚጠበቅ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

እህቴ ከመጣች በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነበር። መንገዱ የሚያልቅበት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ በላይ፣ ቀጭን ጨረቃ ወጥታለች። ቆምኩ። ሰው ገጭቶኝ አለፈ። መስታወት የለም፣ መስኮት የለም፤ በዓይኔ ነው የማያት። ብርሃኗ በቀኝ በኩል ነበር። ቀኝ እጄን አነሳሁና አረጋገጥኩ፤ ሰው ሰላምታ የሰጠሁት መስሎት እጁን አነሳልኝ።

ይህቺ እውነተኛዋ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ቀን። አሁን ስህተት አይኖርም። ትዝታው ካደገ፣ ሴትየዋ የማን እንደሆነች ያውቃል። እህቴ የምታወራው ሰው ታገኛለች። ደወሉ ሲደወል አንገቱን ያዞርና ይጠይቀኛል፤ እነግረዋለሁ፤ ትከሻው ይርገበገባል። ጠዋትና ማታ። ይህን ሁሉ እንደገና ልሰጠው ነው? ሳላስፈቅደው ወስጄበት፣ ሳላስፈቅደው ልመልስለት?

ቤት ገብቼ ሳህኑን አጠብኩ፣ ንጹሕ ውሃ ሞላሁበት፣ በሩ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። በክፍት በር ጨረቃ በሁለት ጣሪያ መሃል ትታያለች። አፌን ከፈትኩ። «ጨረቃ ሆይ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ደወሉ ተደወለ።

አባዬን አየሁት። አልዞረም።

«አባዬ» አልኩ። «እማዬ አልገባችም?»

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። አባዬ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«የማን እናት?»

«የኔ።»

አሰበ። በሩን አየ፣ መንገዱን አየ። ከዚያ አልጋው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ና ተቀመጥ። ትመጣለች።»

ተቀመጥኩ። «አትመጣም» አልኩ። «ሞታለች።»

ከመቶ ጊዜ በላይ ብዬዋለሁ፤ ጉሮሮዬ ላይ አንድም ቀን ቆሞብኝ አያውቅም ነበር። አሁን ቆመብኝ። አባዬ አላለቀሰም። ፊቴን አየ፣ እንደ ድሮው፤ አመነኝም። እጁን አንስቶ አናቴ ላይ አስቀመጠ። እጁ ከብዷል፣ ደርቋል፤ የወረቀት ሽታው የጠፋ ይመስለኝ ነበር፣ አልጠፋም።

«አይዞህ» አለ። «አድራሻ ትታለች?»

«አልተወችም።»

«ይከብዳል» አለ። ራሱን ነቀነቀ። «አድራሻ የሌለው ይከብዳል።»

የፋብሪካው ሴቶች በበራችን በኩል አለፉ። አንዷ ሳህኑን ልትረግጠው ስትል ዘላ ተሻገረችና «ውሃ በር ላይ ይቀመጣል እንዴ? ሰው ልትገድሉ ነው!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

«ውሃ አለ?» አለ አባዬ። «ጠምቶኛል።»

ሳህኑን አንስቼ አመጣሁለት። ምንም አልተባለበትም፤ ዝም ብሎ ውሃ ነበር። በሁለት እጁ ይዞ እስከ ግማሽ ጠጣ፤ የቀረውን ወደ እኔ ገፋው። «አንተም ጠጣ።» ጠጣሁ።

አገጩን በእጁ ጀርባ ጠረገና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ አየው። ከዚያ እኔን።

«ማን ሞተች አልከኝ?» አለ።

ፎቶውን አንስቼ መሃላችን አስቀመጥኩት። በዚህኛው ጊዜ ከመሞቷ አልጀመርኩም። በሩ ላይ ቆማ ቀሚሷን ከምታራግፍበት ጀመርኩ።